አክስት የላከችው ክሎፒዶግሬል ይጨመር?

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ከአንድ ወር በፊት ጠዋት ሲነሳ ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ተሳሰረ። ሆስፒታል የደረስነው በማግስቱ ነው። ሲቲ ስካን ተነሳና ‹ደም አልፈሰሰም፣ ደም ስር ተዘግቶ ነው› አሉን። አስፕሪን፣ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ታዞለት ወጣ። አሁን በሰው ድጋፍ ይራመዳል፤ ንግግሩ ግን ገና ነው። ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ‹እዚህ ለስትሮክ ሁለት ደም ማቅጠኛ ነው የሚሰጡት፤ አንድ ብቻማ ቸልተኝነት ነው› ብላ በሰው እጅ 90 ፍሬ ክሎፒዶግሬል ላከች። ወንድሜ ዛሬውኑ እንጀምርለት ይላል። አባቴ ለጨጓራው ኦሜፕራዞልም ይወስዳል። እንጨምርለት? ደግሞስ በመጀመሪያው ቀን የሚጨመር መርፌ አለ ይባላል፤ አምልጦን ይሆን?»

መልስ፦ አይጨምሩላቸው። አስፕሪኑን ግን እንዳያቋርጡ። አክስትዎ ውሸት አላወሩም። የሚሉት ሕክምና አለ፤ በደንብም ተፈትኗል። የተፈተነው ግን እንደ አባትዎ ባለ ታማሚ ላይ አይደለም፤ በዚህ ሰዓትም አይደለም።

መጀመሪያ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ስም እናስተካክል። እኛ ሐኪሞችም ለማሳጠር ስለምንለው ጥፋቱ የእኛም ነው። ደም እንደ ወጥ ውኃ ተጨምሮበት አይቀጥንም። የሚቀንሰው የመርጋት ችሎታው ነው። ይህን የሚያደርጉት መድኃኒቶች ደግሞ ሁለት ወገን ናቸው። አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ቲካግሬሎር ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ግን ሌላ መንገድ ነው የሚይዙት። በአንድ ስም ስንጠራቸው አንዱ ሌላውን የሚተካ ይመስላል። አይተካም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ፤ ለአባትዎ ከክሎፒዶግሬሉ የበለጠ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

ፕሌትሌት ሥራው ቀዳዳ መድፈን ነው። የደም ስር ውስጡ ሲላጥ ቀድመው የደረሱት ፕሌትሌቶች ጎረቤት ይጠራሉ። ደቦ በሉት። አንዱ ጥሪ ትሮምቦክሳን በሚባል ኬሚካል ነው፤ አስፕሪን እሱን ዝም ያሰኛል። ሌላው ጥሪ ኤዲፒ ይባላል፤ ክሎፒዶግሬልና ቲካግሬሎር ይህን ጥሪ የሚሰማውን ጆሮ ይደፍናሉ። ጥሪው በየትም ቢመጣ መጨረሻ ላይ ፕሌትሌቶቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። በደም ስር የሚሰጡት ቲሮፊባንና ኤፕቲፊባታይድ እጁን ራሱን ነው የሚያስሩት። እንግዲህ አንዱን ጥሪ መዝጋት ከጠቀመ ሁለቱን መዝጋት የበለጠ ይጠቅማል ማለት የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። ወንድምዎ ያሰቡትን ብዙ ፕሮፌሰሮችም አስበውታል። ችግሩ ደቦው የሚወጣው ለክፉ ብቻ አለመሆኑ ነው። ጨጓራ ሲቆስል፣ የተጎዳ የአንጎል ደም ስር ሲያፈስም የሚደርሰው እሱ ነው።

የአስፕሪን ጥቅም የታወቀው በግምት አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አይኤስቲ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናትና ካስት የተባለው የቻይና ጥናት ውጤት ወጣ። በሁለቱ በድምሩ 40 ሺህ ያህል ታማሚዎች ነበሩ። ስትሮክ በያዛቸው በ48 ሰዓት ውስጥ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሹ አስፕሪን ወሰደ። ከ1,000 ታማሚ ወደ 9 ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሞት ወይም ከሌላ ስትሮክ ዳኑ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ የትም ይገኛል፤ ትልቅም ትንሽም ስትሮክ ለያዘው ይሆናል። አባትዎ ያገኙት ይህንን ነው። «አንድ ብቻማ» ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ከዚያ ሁለተኛ መድኃኒት የመጨመር ሙከራ መጣ፤ ጅማሬው ግን አላማረም። በ2004 ይፋ የሆነው ማች የተባለ ጥናት 7,599 ሰዎችን ይዞ ክሎፒዶግሬል ብቻውን ከክሎፒዶግሬልና አስፕሪን ጋር አነጻጸረ። የተመረጡት ባለፉት ሦስት ወራት ስትሮክ ወይም ቶሎ የሚለቅ ትንሽ ስትሮክ የያዛቸው ናቸው። ሕክምናው 18 ወር ቆየ። በሁለት መድኃኒት የታከሙት ከአዲስ ስትሮክ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልዳኑም። ለሕይወት የሚያሰጋው የደም መፍሰስ ግን ከ1.3 በመቶ ወደ 2.6 በመቶ ወጣ። እጥፍ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ ኤስፒኤስ3 የተባለው ጥናት በአንጎል ጥልቅ ክፍል ትንንሽ ስትሮክ የነበራቸውን 3,020 ሰዎች ለዓመታት ተከታተለ። እዚያም ስትሮክ አልቀነሰም፤ መድማትም ሞትም ጨመረ።

እነዚህን ሁለት ጥናቶች ልብ ይበሉልኝ። ወንድምዎ ሊያደርጉት ያሰቡት ልክ ይህንኑ ነው፦ ስትሮኩ ካለፈ ሳምንታት በኋላ ሁለተኛ መድኃኒት ጀምሮ ዕቃው እስኪያልቅ መቀጠል።

ታዲያ አክስትዎ የሰሙት ከየት መጣ? በ2013 ቻንስ የተባለ ጥናት ከቻይና ውጤቱን አወጣ። ያዘጋጁት ሰዎች ነገሩን ከሌላ ጎን ነው ያዩት። ሁለተኛው ስትሮክ በብዛት የሚመጣው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በብዛት የሚጎዳውስ ማነው? ትንሽ ስትሮክ ይዞት ገና ብዙ የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ 5,170 ሰዎችን መርጠው ምልክቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ አስገቡ። ሁሉም በጣም ቀላል ስትሮክ ወይም አደገኛ የሆነ ቶሎ የሚለቅ ስትሮክ የነበራቸው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም ክሎፒዶግሬል፣ ከዚያ በየቀኑ 75 ለግማሾቹ ሰጡ፤ አስፕሪኑ የተደረበው ለ21 ቀን ብቻ ነበር። በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ስትሮክ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 11.7 በመቶውን፣ ሁለቱን ከወሰዱት 8.2 በመቶውን ያዘ። ከ1,000 ሰው 35 ሰው ተረፈ ማለት ነው። ከባድና መካከለኛ መድማቱ በሁለቱም ወገን 0.3 በመቶ ነበር።

ቻይና ብቻ ነው ሊባል ይችል ነበር። በ2018 ፖይንት የተባለው፣ አብዛኞቹ ታማሚዎቹ አሜሪካ የነበሩ ጥናት 4,881 ሰዎችን በ12 ሰዓት ውስጥ አስገብቶ ተመሳሳይ ነገር አየ። አሁን ግን ሁለቱም መድኃኒቶች ለ90 ቀን ተሰጡ፤ ዋጋውም ታየ። በደም ስር መዘጋት የሚመጣው ጉዳት ከ6.5 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ከባድ መድማት ከ0.4 ወደ 0.9 በመቶ ወጣ። ጥናቱ ራሱ ከታሰበው ቀድሞ ቆመ፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ቁልጭ ብሎ ስለታየ። የሁለቱ ጥናቶች መረጃ አንድ ላይ ተደርጎ ሲፈተሽ ጥቅሙ በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ውስጥ ተሰብስቦ ተገኘ። የመድማት አደጋው ግን መድኃኒቱ እስካለ ድረስ በየቀኑ አብሮ ይሄዳል። አክስትዎ የሰሙት ሕክምና ይህ ነው። ሜሪላንድም ቢሆን ደንቡ ለቀላል ስትሮክ፣ በመጀመሪያው ቀን ተጀምሮ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ነው።

በ2020 ታሊስ የተባለው ጥናት በክሎፒዶግሬል ፋንታ ቲካግሬሎርን በአስፕሪን ላይ ጨምሮ 11,016 ሰዎች ላይ ሞከረ። ስትሮክ ወይም ሞት ከ6.6 ወደ 5.5 በመቶ ቀነሰ፤ ከባድ መድማት ከ0.1 ወደ 0.5 ጨመረ። በ2023 የወጣው ኢንስፓየርስ ደግሞ የደም ስራቸው በስብ ክምችት ጠቦ ቀላል ስትሮክ ለያዛቸው ሰዎች በሩን እስከ 72 ሰዓት አሰፋው፤ መድማቱ ግን እዚያም ጨመረ። ከ72 ሰዓት ወደ አንድ ወር የሚያሻግር ድልድይ የለም።

ሦስት መድኃኒትስ? እሱም ተሞክሯል። ታርዲስ በተባለው ጥናት ዲፒሪዳሞል የሚባል ሌላ ጸረ ፕሌትሌት በአስፕሪንና በክሎፒዶግሬል ላይ ተደረበ። በ3,096 ሰዎች ላይ ቀድሞ ቆመ። ስትሮክ አልቀነሰም፤ መድማቱ በዛ። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር ይህን ጥናት አልዘልም። «ሲጨመር ይሻላል» የሚለው ሐሳብ መጨረሻው የት እንደሆነ ያሳያል።

አሁን አባትዎን ከእነዚህ ሰዎች አጠገብ እናስቀምጣቸው። የስትሮክን ክብደት የምንለካበት ከ0 እስከ 42 የሚሄድ ነጥብ አለ። ቻንስና ፖይንት የተቀበሉት እስከ 3 ያለውን፣ ታሊስ እስከ 5 ያለውን ነው። ይህ ማለት ፊቱ ትንሽ የዞረ፣ እጁ ትንሽ የደከመ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ራሱ ተራምዶ የሚመጣ ሰው ነው። አንድ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ንግግሩም የተወሰደበት ሰው ከዚህ በላይ ነው። አጥኚዎቹ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ያላስገቡት ጨክነው አይደለም። ሰፊ የአንጎል ክፍል ሲሞት በውስጡ ያሉት ደም ስሮችም ይበላሻሉ፤ ያፈሳሉ። ደም ያልነበረበት ስትሮክ በቀናት ውስጥ ደም የገባበት ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ሁለት ጥሪ ዘግተው ደቦውን ቢያስቀሩት ማን ይደርሳል?

ሲቲው «ደም የለም» ማለቱ ወንድምዎን አጽናንቷቸው ይሆናል። ያ ሥዕል የዚያን ቀን ሥዕል ነው። የዛሬን አይናገርም።

ስለ መርፌው የጠየቁት ከዚህ የተለየ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሙ አልቴፕሌዝና ቴኔክቴፕሌዝ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። የሚሰጡት በመደበኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እነሱ የሚበጥሱት ፋይብሪን የሚባለውን ክር እንጂ ፕሌትሌቱን አይደለም። ስለዚህ የተከፈተው ደም ስር አንዳንዴ መልሶ ይዘጋል። ታዲያ ወዲያው ጸረ ፕሌትሌት ብንጨምርስ? ይህ ጥያቄ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት በልቷል።

ኔዘርላንድ ውስጥ አርቲስ የተባለ ጥናት ከአልቴፕሌዝ ጋር ወዲያው 300 ሚሊግራም አስፕሪን በደም ስር ሰጠ። 642 ሰዎች ላይ ሲደርስ ቆመ። ምልክት ያመጣ የአንጎል መድማት 4.3 በመቶ ሆነ፤ ካልተሰጣቸው 1.6 ነበር፤ ጥቅምም አልታየም። ከዚያ በፊት አብሲክሲማብ የተባለው ጠንካራ መርፌ ብቻውን ተሞክሮ በመድማት ምክንያት ቆሟል። በ2024 የወጣው የአሜሪካው ሞስት ኤፕቲፊባታይድን ወይም አርጋትሮባንን (ይህኛው ከእነ ዋርፋሪን ወገን ነው) በማሟሟያው ላይ ጨመረ። 514 ሰዎች ላይ «ተስፋ የለውም» ተብሎ ተዘጋ። ታማሚዎቹ የተሻለ አልሆኑም።

በሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። የቻይና ሐኪሞች ቲሮፊባንን በትዕግሥት ፈትነዋል። በ2023 የወጣው ሬስኪዩ ቢቲ2 ትልቅ ደም ስር ያልተዘጋባቸውን 1,177 ታማሚዎች ይዞ ቲሮፊባንን ከአስፕሪን ጋር አወዳደረ። በሦስት ወር ምንም ወይም እዚህ ግባ የማይባል ጉድለት ብቻ የቀረባቸው 29.1 በመቶ ሆኑ፤ በአስፕሪኑ ወገን 22.2 ነበሩ። ምልክት ያመጣ የአንጎል መድማት ቲሮፊባን ከወሰዱት 1 በመቶ ላይ ታየ፤ በአስፕሪኑ ወገን አልነበረም። በ2025 ደግሞ ማሟሟያ ከተሰጠ በኋላ ወዲያው ቲሮፊባን መጨመር ጠቀመ የሚል ጥናት ከዚያው አገር መጥቷል። ደስ ይላል። እኔ ግን ሌላ አገር ላይ፣ ሌላ ሕዝብ ላይ ሲደገም ሳላይ «ይኸው መድኃኒቱ» አልልም። የቻይና ታማሚዎች በአንጎል ውስጥ ያለው ደም ስራቸው የሚጠብበት ሁኔታ ይበዛል፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው በተለይ እነሱን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «አምልጦን ይሆን?» ላሉት፦ መርፌው አላመለጣችሁም። ያመለጠው ሰዓቱ ነው። ከእንቅልፍ ሲነሱ የተገኘ ስትሮክ መቼ እንደጀመረ አይታወቅም፤ ሆስፒታል የደረሳችሁት ደግሞ በማግስቱ ነው። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። ብዙ ቤት «ትንሽ ይረፍና እንይ» ይባላል።

አሁን ስለ ኦሜፕራዞል፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነው። ክሎፒዶግሬል ሲዋጥ ገና መድኃኒት አይደለም። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባል ኢንዛይም ነው ወደ መድኃኒትነት የሚቀይረው። ኦሜፕራዞል ይህንን ኢንዛይም ይይዘዋል። ክሎፒዶግሬሉ ሳይሠራ ይቀራል ማለት ነው፤ በከፊልም ቢሆን። ኢንዛይሙ ከልደት ጀምሮ የሚደክምባቸው ሰዎችም አሉ። በ2021 የወጣው ቻንስ 2 እንዲህ ያሉትን 6,412 ሰዎች በምርመራ ለይቶ ነው ቲካግሬሎር እንደሚሻላቸው ያሳየው። እና ክሎፒዶግሬሉን ቢያስጀምሯቸው የጨጓራ ታማሚ የሆኑ አባትዎን ለመድማት እያጋለጡ ጥቅሙን ደግሞ በኦሜፕራዞል እየቀነሱ ነው። ኦሜፕራዞሉን ራስዎ እንዳያቋርጡ። አስፕሪን ለሚወስድ ሰው ጨጓራውን ይጠብቅለታል።

ለወገብና ለጉልበት እየተባለ ከፋርማሲ የሚገዛውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከቤት ያርቁ። ከአስፕሪን ጋር ጨጓራ ያደማሉ፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ አስፕሪኑን ራሱን ሥራ ሊያስፈታው ይችላል።

ሁለት ጸረ ፕሌትሌት ከሦስት ሳምንት በኋላም የሚያስፈልግበት ሁኔታ የለም አልልም። የልቡን ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ (ስቴንት) በቅርቡ የገባለት ሰው አለ። በአንጎል ውስጥ ያለ ትልቅ ደም ስሩ በጣም የጠበበ ሰው አለ፤ ለእሱ ሐኪሙ እስከ 90 ቀን ሊያስቀጥል ይችላል። ይህ የሚታወቀው ግን የደም ስሩን ሥዕል በማየት ነው። ክትትል የሚያደርግላቸው ሐኪም የአንጎልና የአንገት ደም ስሮች ታይተው እንደሆነ ይጠይቁ። ካልታዩ በአንገት አልትራሳውንድ ይጀመር።

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። አባትዎ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነስተዋል? በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁትም። በ67 ዓመት ንግግር የሚወስድ ስትሮክ ሲመጣ ልብን ሳይፈትሹ ማለፍ አይገባም። የልብ ምቱ የተዛባ ከሆነ፣ የረጋው ደም ከልብ ተነስቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። እኛ አገር ደግሞ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የመጣ፣ ሳይታወቅ የኖረ የልብ በር ሕመም ሞልቷል። እንዲህ ከሆነ አስፕሪንም ክሎፒዶግሬልም ሁለቱ አንድ ላይም አይበቁም። የሚያስፈልገው እነ ዋርፋሪን ያሉበት ያ ሁለተኛው ወገን ነው፤ የልብ በሩ በጣም የጠበበ ከሆነ ደግሞ ዋርፋሪን። አክስትዎ መርዳት ከፈለጉ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና የኢሲጂ ወጪውን ይቻሉ። ቤት ውስጥ የሚሠራ ጥሩ የግፊት መለኪያም ከክሎፒዶግሬሉ ይልቅ ይጠቅማል። አባትዎን ከሁለተኛ ስትሮክ የሚያድናቸው በዋናነት የግፊታቸው መውረድ ነው።

ዕቃውን አይጣሉት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ያሳዩት፤ አስፕሪን ጨጓራቸውን እያስቸገረ ከሆነ በእሱ ምትክ ክሎፒዶግሬል ብቻውን ሊታዘዝ ይችላል። ያኔ የጨጓራው መድኃኒትም ይቀየራል፤ ፓንቶፕራዞል ከክሎፒዶግሬል ጋር ብዙ አይጋጭም።

እስከዚያ ድረስ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ወይም ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከያዛቸው ቀጠሮ አይጠብቁ። ፊታቸው ቢዞር፣ እጃቸው ቢዝል፣ የጀመረው ንግግር ቢጠፋ ደግሞ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፉና ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ይሩጡ። በመንገድ ላይ አስፕሪንም ሆነ ክሎፒዶግሬል አያስውጧቸው። አዲሱ ስትሮክ የደም መፍሰስ ይሁን የደም ስር መዘጋት ቤት ሆኖ የሚለይ ሰው የለም፤ እኔም አልለይም።